በጭቃ የሸፈንኳቸው አራት ቋሚዎች

ይህን ነገር ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ ጾም በገባ ቁጥር ከፊታቸው ተንበርክኬ ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ፣ ሰንበት ሻርኩ እያልኩ ትንንሹን ስለቅም ትልቁን ከምላሴ ሥር አቆየው ነበር። ቀኖናው ምን እንደሚሆን አውቃለሁና ነው። ስግደት ቢሆን ጉልበት ነበረኝ። እሳቸው ግን "ሂድና ለአገሩ ተናገር" ይሉኝ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ልብ አልነበረኝም። ስለዚህ ይህን የሚያነቡት እርስዎ ዛሬ የነፍስ አባቴ ይሁኑልኝ። መስቀል ባይዙም ግድ የለም። ብቻ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ሰረቅሁ። ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ትንሹም ይኸው ነው። ቀጥሎ ያደረግሁት ከስርቆቱ የከፋ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ግን ከእንጨቱ መጀመር አለብኝ።

አናጢ ነኝ። ትውልዴ መንዝ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ አንድ ግሪክ አናጢ ዘንድ ሳንቃ ስልግ ቆየሁና፣ እጄ ሲፈታ ሰበታ ወርጄ ከወንዙ በላይ የቤት ቦታ ገዝቼ ጎጆ ወጣሁ። ከቤቴ ጀርባ ባለው ጓሮ የዕቃ ቤት ለመሥራት አሰብኩ። የዕቃ ቤት ምንድን ነው? ዶማና መጋዝ የሚያድርበት፣ የድንች ጆንያ የሚደገፍበት ትንሽ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ ማገር መትቶ፣ ጭቃ መርጎ መገላገል ይቻላል። ሚስቴ ዘነበችም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር፤ መጋዝና መጥረቢያ ከምትተኛበት ቤት እንዲወጣላት ብቻ። እኔ ግን ምስማር የማያውቅ ቤት አማረኝ። ከግሪኩ የተማርኩት ሙያ ነው። የአንዱን እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ አድርጎ መጥረብ፣ በሌላው ወገብ ላይ የምላሱን ልክ በመሮ መቦርቦር፣ ከዚያ ምላሱን ከጉድጓዱ አግብቶ በእንጨት ችንካር መቆለፍ። እንጨት እንጨትን ይዞ ይቆማል። ግድግዳውን በሳንቃ እሞላውና ቋሚውንም አግዳሚውንም ገላልጬ እተወዋለሁ፤ በጅማ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ "ማን ሠራው?" ይላል፤ "በላቸው ነው" ይባላል። ለድንች ጆንያ ማደሪያ ይህን ያህል መመኘት ምን ይባላል? ያኔ ሙያ እለው ነበር። አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ትዕቢት ነው።

ለአራቱ ማዕዘን ቋሚዎች ጽድ ያስፈልገኝ ነበር። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ቋሚ ከተጣመመ ምላሱ ይነቀላል። ጽድ ግን ቀጥ ብሎ ይደርቃል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ጫካው በዘበኛ ይጠበቃል። ቡራዩ ካሉት እንጨት ሻጮች ዘንድ ደጋግሜ ሄጄ ያገኘሁት ጎባጣ ጎባጣውን ነው። ትንሽ መታገሥ ነበረብኝ። እኔ ደግሞ መታገሥ ከተፈጠርኩ ጀምሮ አልሆነልኝም።

በዚያው ዓመት በጥቅምት አገሩ በወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ሬሳ እንኳ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሻገር ይቸግር ነበርና፣ በየቤቱ አንዳንድ የጽድ ግንድ እንዲወጣ ተወሰነ። ከጫካው በፈቃድ ተቆረጠ፣ በበሬ ተጎተተ፣ እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ማምጣቱ እንዲታወቅ ከግንዱ ጫፍ ላይ የራሱን ምልክት በመጥረቢያ ቆረጠበት። ከዚያ እስኪደርቅ ድረስ ለወንዙ ቅርብ በሆነው በገመቹ ጓሮ ተከመረ፤ ጠባቂውም ገመቹ ሆነ።

ገመቹ ጎረቤቴ ነው። በመካከላችን ያለው የእሾህ አጥር ብቻ ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ እሳት እንጫጫር ነበር። የአንድ ባለርስት ጭሰኛ ሆኖ ከሚስቱና ከትናንሽ ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። በዕድሜ ከእኔ ከፍ ይላል፤ አገሬው ሁሉ በአክብሮት ኦቦ ገመቹ ይለዋል። እኔ ግን ገመቹ ብቻ ነበር የምለው። ለምን? እኔ ቦታ የገዛሁ ባለሙያ፣ እሱ ጭሰኛ ስለሆነ ነዋ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

የግንዱ ክምር የቆመው ከአጥሬ ሥር ነበር። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አየዋለሁ፤ ማታ በሬን ስዘጋ አየዋለሁ። በእኔ አጥር በኩል ያሉት አራቱ እንደ ሻማ ቀጥ ያሉ ናቸው። ለድልድይ ይህን ያህል ቀጥ ያለ ምን ያደርጋል? ድልድይ ይረገጣል እንጂ አይታይ! እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ወስጄ ኋላ ከቡራዩ ሌላ ገዝቼ እተካለሁ አልኩ። ሌባ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰርቀው ራሱን ነው።

አንድ ቀን በዓለም ገና በኩል አንዲት ባልቴት ሞቱና አገሩ በሙሉ ለቀብር ወጣ። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ቀብር መቅረት ነውር ነው፤ ለበሽተኛ ግን ማንም አይፈርድበትም። የሰው ድምፅ ከአካባቢው ሲጠፋ አጥሩን ከፈትኩና አራቱን ግንዶች አንድ በአንድ እየጎተትኩ ወደ ጓሮዬ አስገባኋቸው፤ ገለባ ከመርኩባቸው፤ እሾሁንም መልሼ ደፈንኩ። ክምሩ ከፊት ለፊት ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። ላቤ እየተንጠፈጠፈ እጄን ልታጠብ ስል ከደጅ የገመቹን ድምፅ ሰማሁ። ዘልዬ መደቡ ላይ ወጣሁና ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብኩ።

ገመቹ ዘነበችን ለቅሶ ላይ "በላቸውስ?" ብሎ ጠይቋታል። ታሟል ስትለው ቀብሩ እንዳለቀ፣ እህል ውሃ ሳይል ተነሥቶ መጣ። ከቤቱ እርጎ በቅል ይዞልኛል።

"አካም ጂርታ፣ በላቸው? ብቻህን ትተውህ ሄዱ እኮ" አለና ከአጠገቤ ተቀመጠ። እጁን ዘረጋልኝ። እጄ የጽድ ሙጫ ስለሆነ ከጋቢው ሥር አላወጣሁትም። እሱ ግን ዝም ብሎ መዳፉን ከግንባሬ ላይ አሳረፈ።

"ኧረ ይሄ እሳት ነው! ማሎ፣ ይሄን ያህል ታመህ ነው?" አለ። በነጠላው ጫፍ ላቤን ጠረገልኝ። እርጎውን ደግፎ አጠጣኝ። ሲወጣ "ዋቅኒ ሲ ሃ ፈይሱ፣ እግዜር ይማርህ" አለኝ። እሱ የሚጠብቃቸውን ግንዶች ስጎትት ያላበኝን ላብ በገዛ እጁ ጠርጎልኝ ሄደ። እኔስ ምን አልኩ? አሜን አልኩ።

በማግስቱ መጥረብ ጀመርኩ። አናጢ ቤት የመጥረቢያ ድምፅ ማንንም አያስገርምም። ምልክት ያለባቸውን ጫፎች ቆርጬ ጣልኩ። ጫፎቹን እንኳ ማንደድ አልቻልኩም፤ የጽድ ጭስ ሽታው ሰፈሩን ያዳርሳልና ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ቋሚዎቹን አራት ማዕዘን አድርጌ ጠረብኩ፣ ላግሁ፣ ምላስ አወጣሁ፣ በመሮ ቦረቦርኩ። በድንጋይ መሠረት ላይ ሳቆማቸው ቱንቢ ጥዬ ለካሁ፤ ፀጉር ታህል አልዘመሙም። አግዳሚው ከቋሚው ሲገባ ግጥም አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሠራሁም።

ግን ማን ያየዋል? ይህን ሳስብ ነው መታፈን የጀመርኩት። ያ ቀይ እንጨት ተገልጦ ከቆመ አላፊ አግዳሚው "ማን ሠራው?" ከማለቱ በፊት "ከየት አመጣው?" ይላል። ስለዚህ ሳንቃውን ትቼ ማገር መታሁበት፤ ጭቃ ልመርግበት ተነሣሁ። ገመቹ ጭቃ ላቦካ መሆኑን ሲያይ ሳልጠራው ጭድ ተሸክሞ መጣ። ሱሪውን ሰብስቦ ከጭቃው ገባና እየረገጠ፣ እያዜመ ዋለ። የቆሙትን እንጨቶች አይቶ "ጽድ አገኘህ እንዴ?" ሲለኝ "ከቡራዩ ነው" አልኩት። "ጎበዝ፣ ለፍተሃል" አለኝ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ? ገመቹ የራሱን መጥፊያ በእግሩ አቡክቶ፣ በእጁ መርጎ ሸፈነልኝ።

ኅዳር ሲያልቅ ድልድዩ ሊጀመር ግንዱ ተቆጠረ። አራት ጎደለ። የአጥቢያው ገዢ ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝ ለማያውቅ ልንገር። አገር የሌባ መፈለጊያ ሸንጎ ነው። ወንድ የተባለ ሁሉ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የወጣ ደግሞ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ቤቱ አይመለስም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። እነሱ "ወፍ" ይባላሉ። ሰው ሁሉ በተራ ወደ እነሱ እየቀረበ ያየውን ወይም የሰማውን በጆሯቸው ይናገራል። ማን ምን እንዳለ አይወጣም። በመጨረሻ "ወፍ እገሌን ትላለች" ተብሎ ስሙ ብቻ ይጠራል።

ወንዙ ዳር ካለው ሜዳ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይወጣ መሸ። በማግስቱም እንዲሁ። ጤፉ ደርሶ እየረገፈ ነው፤ ላሞች ሳይታለቡ ያጓራሉ፤ ሴቶች ምሳ ይዘው ከሜዳው ዳር ይቆማሉ፤ እኛ እንደ በረት ከብት እዚያው እንዞራለን። የሁሉም ዓይን የሁሉንም ፊት ይፈልጋል። ገመቹ ከሁሉ ይልቅ ተጨንቋል፤ ጠባቂው እሱ ነዋ። "እኔ ጓሮ እያለ ጠፋ፤ እንዴት ሳላይ ቀረሁ?" እያለ ከእኔ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ከሰው ሁሉ መርጦ ከእኔ አጠገብ!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተራዬ ደረሰ። ከወፎቹ አንዱ ግራዝማች አስፋው የአገሬ ሰው ናቸው፤ መንዜ ናቸው። አጎንብሼ ወደ ጆሯቸው ቀረብኩ። ምንም አላውቅም ማለት እችል ነበር። አብዛኛው ሰው ያለው እንዲያ ነው። እኔ ግን ፈራሁ፤ ምንም አላውቅም ያለ ሰው ተመልሶ ሜዳው ላይ ይቀመጣል፣ ፍለጋው ይቀጥላል፣ ፍለጋው ከቀጠለ አንዱ የጓሮዬን ቤት ይጭረዋል። ስለዚህ እውነት ተናገርኩ። ከውሸት የከፋ እውነት አለ ቢባል ማን ያምናል?

"በቀብሩ ቀን ገመቹ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሲመለስ አይቻለሁ" አልኳቸው።

ግራዝማች ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ የት ሆነህ አየኸው?"

"አሞኝ ቤት ነበርኩ።"

ወደ ሜዳው በአገጫቸው ጠቁመው "ሂድ" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ስሙ ተጠራ። "ወፍ ገመቹን ትላለች።" ገመቹ ተነሥቶ ቆመ፤ መጀመሪያ የሰማውን ያመነ አይመስልም ነበር። ከቀብር ለምን ቀድሞ እንደተመለሰ ሲጠየቅ ግን ፊቱ በራ። መልሱ ቀላል ነበራ።

"ጎረቤቴ ታመመ ብለውኝ ነው የተመለስኩ። እርጎ ይዤ ቤቱ ገባሁ፣ አጠጣሁት፣ ላቡንም ጠረግሁለት። ይኸው፣ እዚህ አለ፤ እሱ ይናገር" አለና ወደ እኔ ዞረ። ፈገግ እንደማለት ብሎ ነበር። ነገሩ ያለቀ መስሎታል።

አሁን ይስሙኝ። ከእንጨቱ ይልቅ የሚከብደኝ ይኼ ነው። ሜዳው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አዎ፣ መጥቶ ነበር ብል ያበቃ ነበር። አዎ ብል ግን ቀጥሎ ምን ይጠየቃል? በሽተኛው ማን ነበር፣ ቤት የቀረው ማን ነበር፣ በአጥሩ ማዶ ያለው ማን ነው? እንዲህ አልኩ፦

"ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አላውቅም።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። የእርጎው ቅል እስከዚያ ቀን ድረስ ቤቴ ነበር፤ ዘነበች አጥባ ልትመልስለት ከምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች፤ ሴት ግን አውጫጭኝ ላይ አትጠየቅም። እኔ ግን አላውቅም አልኩ። ግራዝማች አስፋው ያን ጊዜ መሬት መሬቱን አዩ። ጠዋት "ሲመለስ አይቻለሁ" ያልኩት ለእሳቸው ነው፤ አሁን "ማን እንደገባ አላውቅም" ስል ሰሙ። ሁለቱን ቃሎቼን የሰማ እሳቸው ብቻ ናቸው። አፋቸውን ቢከፍቱ ገመቹ ይድን ነበር። አልከፈቱም። የአገራቸው ልጅ ነኝ፤ እሱ ጭሰኛ ነው፤ ጤፉም እየረገፈ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል።

ገመቹ ግንዶቹን እንዲተካ ተፈረደበት። ተካ፤ በሬውን ሸጦ ተካ። ባለርስቱም ሌባ መሬቴን አያርስም ብሎ አስለቀቀው። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ዘመዶቿ ወዳሉበት ወደ ሱሉልታ ሄደ። ሲሄዱ ከቤቴ በር ላይ ቆሜ ነበር። አህያው ላይ የተጫነውን ዕቃ ሲያስተካክል ቆየና "ደህና ሁን፣ በላቸው" አለኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ ቀልሎኝ ያድር ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት አልጠራም። የእኔን እውነት በየዓመቱ እኔው ራሴ ስመርገው ኖርኩ። ክረምት በወጣ ቁጥር ከጓሮው ቤት ግድግዳ ጭቃው እየተላጠ ይወድቃል፤ ቀዩ እንጨት ብቅ ይላል። ሰው ሳያይ ጭቃ አቡክቼ እደፍነዋለሁ። ላፈርሰው እንዳልል፣ ሳፈርስ ጽዱ ይታያል። ቦታውን ሸጬ አዲስ አበባ እንዳልገባ፣ ገዢው ያፈርሰዋል። ግሪኩ አንድ ጊዜ መልእክተኛ ልኮ አብረን እንሥራ ቢለኝ ሰበታን መልቀቅ አልችልም ብዬ መለስኩ። ለምን? ለአንድ የድንች ቤት ዘበኛ ሆኜ ነዋ። ድንቹ ራሱ ከእኔ ይሻላል፤ እሱስ ይወጣ ነበር።

ግራዝማችም በዝምታቸው አሰሩኝ። አንድ ቀን እንኳ ስለ ነገሩ አንሥተው አያውቁም። ብቻ ልጅ ይልካሉ፤ "ግራዝማች በሩ ተሰብሯል ይሉሃል።" እሄዳለሁ። "አልጋው ይንቋቋል ይሉሃል።" እሄዳለሁ። ዋጋ አልጠይቅም፤ እሳቸውም አያነሡም። የድልድዩንም ሥራ በነጻ እንድመራ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። አገሩ ይህን እያየ "በላቸው እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ ሙያውን ለሰው ሲል ያፈሳል" ማለት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያኑም ጠራኝ፣ ሄድኩ። ደሃ ሲሞት ሣጥኑን ሠራሁ። እርስዎ ይህን ጸጸት ይሉት ይሆናል። ኧረ አይደለም! መጀመሪያ ፍርሃት ነበር፤ ኋላ ደግሞ መመስገኑን ለመድኩት።

ግራዝማች ካረፉ በኋላ ሱሉልታ ሄድኩ። ለገመቹ ልነግረው ነው የሄድኩት። ሸብቶ አገኘሁት። እንዳየኝ ተነሥቶ አቀፈኝ። "ኦቦ ገመቹ" አልኩት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልጆቹን ጠራና አጠገቤ አስቀመጣቸው።

"ይሄ በላቸው ነው። ያኔ ለሞት ታሞ የነበረው። ግንባሩ እሳት ነበር፤ በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ሰዎቹ ጎረቤትህ እንዴት ሳይመሰክርልህ ቀረ ሲሉኝ፣ እኔ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው። እንደዚያ የታመመ ሰው ምን ያስታውሳል? በአንተ ቂም የለኝም" አለኝ።

ትልቁ ልጁ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። "አባባ እንደሱ ይላል" አለ። "እኛ የሌባ ልጆች እየተባልን ነው ያደግነው።"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ገመቹ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝና "ብላ እንጂ፣ መንገደኛ ነህ" አለኝ። በላሁ። እዚያው አደርኩ፤ የተኛሁት በእሱ መደብ ላይ ነው፤ እሱ መሬት ተኛ። ጠዋት ሳልናገር ተመለስኩ። ሲሰናበተኝ እንኳ ጤንነቴን እንድጠብቅ መከረኝ። ደግነቱ ከለከለኝ ብል ያምርልኝ ነበር። አይደለም። አንድ ሰው በዚህ ምድር ላይ በሙሉ ልቡ ይቅር ብሎኛል፤ ነገሩን ከነገርኩት ያ ይቅርታ ይቀርብኛል ብዬ ሰሰትኩ። ከግንዱ ሌላ ይቅርታውንም ሰረቅሁት። በተከታዩ ክረምት መሞቱን ሰማሁ።

አሁን ለምን እንደምናገር ልንገር። በቅርቡ ሁለት ሽማግሌዎች ከሱሉልታ መጥተው ቤቴን ጠየቁ። የገመቹ ትልቁ ልጅ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። እነዚህ ሁለቱ ግን የልጅቱ አጎቶች ናቸው፤ እንደ ወጉ ዘሩን ሊያጣሩ ነው የመጡት። ነገሩ ተሰምቷል። "አባቱ ከዚህ የወጣው በሌብነት ነው ይባላል። እርስዎ ጎረቤት ነበሩ፤ በእግዜር፣ እውነቱን ይንገሩን" አሉኝ።

አላመነታሁም። "ገመቹ አልሰረቀም" አልኳቸው። "ግንዶቹን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።"

ሁለቱ ተያዩ። ታላቁ ራሱን ነቀነቀና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ጋሼ፣ ከመንገድ ጀምሮ ስለ እርስዎ የነገሩን ይህንኑ ነው። ደሃውን በነጻ የሚቀብሩ፣ ድልድዩን ለአገር የሠሩ። የሞተ ጎረቤትዎን ነውር በራስዎ ላይ ይጭናሉ። እግዜር ይስጥልን። እኛ ግን ልጅ ልንድር ነው፤ በደግነት ሳይሆን በእውነት ነው የምንድረው" አለኝ።

ማልኩ። መማሌንም እንደ ትሕትና ቆጠሩት። ተነሡ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። የልጁ ጋብቻ አሁን በእኔ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቃሌን ግን የሚቀበለው የለም።

በማግስቱ መዶሻ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጭቃውን ከግድግዳው ላይ አራገፍኩት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ደርቤ ደራርቤ የመረግሁትን። ቋሚዎቹ ወጡ። ምስጥ አልነካቸውም፣ አልዘመሙም። ሰፈሩን ጠራሁ፣ ዘነበችንም ጠራሁ። "እነዚህ የድልድዩ ግንዶች ናቸው፤ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ። ዘነበች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችና ወደ ቤት ገባች። ሌሎቹ ቀርበው መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱ። "ምስማር የለውም እኮ!" አለ አንዱ። "ይህን የመሰለ ሥራ እንዴት በጭቃ ሸፍነህ ኖርክ?" አለ ሌላው። ስለ ስርቆቱ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ጽድ ያኔ የትም ነበር አሉ፤ ዕድሜ ነው፣ ሰውዬው በጾም ደክሟል አሉ። ያኔ የተመኘሁትን ምስጋና ሁሉ በአንድ ጠዋት ሰጡኝና ተበተኑ።

ወደ ገመቹ ልጅ እሄዳለሁ። እሱ ያምነኛል፤ ያን ቀን ዓይኑን ከእኔ ላይ ያላነሣው በከንቱ አይመስለኝም። ይፍረድብኝ፣ ይምታኝ፣ የወደደውን ያድርግ። የእሱ ማመን ግን ለእሱ አይረዳውም። ልጅ ለአባቱ ቢመሰክር ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ነው ሁሉንም ከነዝርዝሩ ለእርስዎ የነገርኩት፤ እርጎውን፣ ሙጫውን፣ ለግራዝማች ያልኩትንና ለሜዳው ያልኩትን። ደግ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፈልስፎ በራሱ ላይ አያወራም።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚገባው ሰው ሱሉልታ ተቀብሯል፤ ያውም ይቅር ያለኝ ላልታመምኩት በሽታ ነው። ሰይጣን አሳሳተኝ፣ ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ነው አልልም። ከእርስዎ የምለምነው ሌላ ነው። ሱሉልታ ቢሄዱ፣ ስለ ገመቹ ልጆች የሚጠይቅ ሰው ቢያገኙ፣ ሌባው በላቸው ነው ይበሉ። ደግ ሰው ነበር የሚል ካለ ይከራከሩልኝ። አልታመምኩም ነበር፤ ገመቹ ሲገባ አይቼዋለሁ። ይመኑኝ።